የቤሌው አባባ እና አሮጌው ገጽ

አልፋለች! መሰናዶ ትገባለች! ግን አባቷን የያዘው የቤሌ አውቶብስ ከሶዶ መናኸሪያ ወጥቷል።

አባባ ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔት ቤቴ ቁጭ ብለው ነበር፣ የልጃቸውን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቁጥር በወረቀት ይዘው። ቁጥሩን ባስገባሁ ቁጥር "ውጤት ገና አልተለቀቀም" ይላል።

"ወድቃ ነው አይደል? አትደብቂኝ ልጄ" አሉኝ።

"ኧረ አባባ፣ አልወጣም ነው የሚለው!"

እኛ አገር መጥፎ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። ስለዚህ አላመኑኝም፤ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሌላ ደንበኛ በስልኩ ውጤቱን ሲያይ ነው የነቃሁት። ለካ ብሮውዘሬ ቶሎ ለመክፈት ብሎ ጠዋት ያስቀመጠውን አሮጌ ገጽ ነው ደጋግሞ የሚያሳየኝ! የተቀመጠውን ዳታ ሳጠፋው ውጤቷ ብልጭ ብሎ መጣ። እኔ እኮ ይሄን ዳታ ወንዶች የሚያጠፉት ባዩት ነገር ሲያፍሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ስልክ የላቸውም። ምን ላድርግ?

እንዲህ ያለ ጉድ የገጠማችሁ ጻፉልኝ። ቤሌ ያላችሁ ደግሞ፣ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረጉ አባት ከአውቶብስ ሲወርዱ "ልጅዎ አልፋለች" በሏቸው። የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ልካኝ ነው እንዳትሉ ብቻ፤ እኔን አያምኑኝም።