ጠበል የደረሳቸውና ያልደረሳቸው አበቦች

የዚያን ዓመት ሥራዬ ሁሉ በአከራዬ የኮክ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከጎጃም መጥቼ ቂርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ካዛንቺስ ባለው ቢሮዬ የፍራፍሬ ዝርያ ማሻሻል ነው ሥራዬ። የምፈልገው አበባው ያለ ወንዴ ብናኝ ዘር እንዲቋጥር ነው። እንዲህ ያለ ዘር ቁርጥ እናቱን ይሆናል፤ ገበሬው ፍሬውን ቢተክል ያንኑ ጣፋጭ ኮክ ያገኛል።

የአበቦቹን ወንዴ ክፍል በመቆንጠጫ እየነቀልኩ በስስ ጨርቅ ሸፈንኳቸው። በግቢያችን በኩል ያሉትን ዘር ያስቋጥራል ብዬ የምሞክረውን መድኃኒት ቀባሁ። በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት የተንጠለጠሉትን ግን ለማነጻጸሪያ ሳልቀባ ተውኩ። ከመድኃኒቱ በቀር በምንም መለየት የለባቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩልኝ መጡ። ወንበር ሳስተካክል ለካ ወደ ደጅ ወጥተዋል።

«አባ! አበባውን ረጩት እንዴ?»

«ተሸፋፍኖ ሳየው የታመመ መስሎኝ ነዋ፣ ልጄ።»

«ከአጥሩ ማዶ ያለውንስ?»

«እሱን አልነካሁም። ሙስሊም ጎረቤት ናቸው፤ ሳያስፈቅዱ ሰው ግቢ ጠበል አይረጭም።»

መድኃኒት የተቀባው በሙሉ ጠበል ደርሶታል፤ ያልተቀባው አንድ ጠብታ አላገኘም። እንግዲህ ዘር ቢቋጥር በመድኃኒቱ ነው ወይስ በጠበሉ? ጠበሉ አልሠራም ብዬ ብጽፍ ኃጢአት፤ ሠራ ብዬ ብጽፍ ከሥራ መባረር።

ሮጬ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። የወሎ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ቤት ተቃጠለ?»

አስረዳኋቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አብሽሪ! ይርጩ፤ ብቻ ያሰጣሁትን ልብስ ላንሳ።»

አባ መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉን የያዙት ጎረቤቴ ናቸው፤ ዝም ብለውም አልያዙ።

«ያቺ ቀረች፣ አባ!»

«ረጭቻታለሁ።»

«ኧረ አልረጯትም፣ ከቅጠሉ ሥር ያለችውን!»

ኮኩ ሲደርስ ከተቀቡት አራቱ ፍሬ ያዙ፤ ካልተቀቡት አንድም። «ሁሉም አበቦች በአንድ ቀን እኩል ውሃ አግኝተዋል» ብዬ ሪፖርቱን ለአለቃዬ ሰጠሁት።

«የምን ውሃ? የቧንቧ?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «ጠበል ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለማነጻጸሪያዎቹም?»

«እነሱማ በመሰላል ነው የተረጩት።»

እስክሪብቶውን መልሶ አነሳና ፈረመ።