ለሠርግ የማይሆን ዜማ

አሶሳ ውስጥ ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ ሕብረትን ያውቀዋል። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ሲያርሱ ኖሩ፤ እሱ ግን እርሻው አልሆነለትምና ኦርጋኑን ይዞ ከተማ ገባ። ለበርታው የበርታውን፣ ለኦሮሞው የኦሮሞውን፣ ለጎጃሜው የጎጃሙን እየተጫወተ ዕድሜውን ሰው ሲያስጨፍር አሳለፈ። ሰው ሲጨፍር እሱ ከኦርጋኑ ቀና አይልም። ሚስቱ ሐኒ ትታው ነቀምት ወላጆቿ ዘንድ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ አያውቅም። ዘፈን ለእሱ ሥራ ብቻ ሆነ።

ባለፈው ክረምት አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ። ሠርግ የሌለበት ወቅት ስለነበር ተሸክሞት ባምባሲ ሄደ። እዚያ ቡሴ የሚባል ሰው ቴሌቪዥንና ስፒከር የሚጠገንበት ሱቅ አለው። ከባዱን ጥገና የሚሠራለት አብዱልሐሚድ ነው፤ ከሱዳን ጦርነቱን ሸሽቶ መጥቶ በአቅራቢያው ባለው የስደተኞች ጣቢያ የሚኖር በርታ።

አብዱልሐሚድ ጠግኖ ሲጨርስ ሊሞክረው ስልኩን ሰካ። ሕብረት የለመደውን ዓይነት ዘፈን ነበር የጠበቀው። የመጣው ሌላ ነው። ቤዝ ጊታሩ ከሁሉም ቀድሞ ይሄዳል፤ ከበሮው እንደ ወፍጮ ሞተር ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይመታል፤ ሌላው ጊታር ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይርገበገባል። ከዚያ አንድ ወንድ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ወፍራም ድምፅ መዝፈን ጀመረ።

“ሰውየው ምን ሆኖ ነው?” አለ ሕብረት።

“ምንም አልሆነችም” አለ አብዱልሐሚድ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። “ብቻዋን ናት። ወላሂ፣ ሌላ ነገር የለም። ብቻዋን ናት።”

ሕብረት አልሳቀም። “እስቲ ድገመው” አለው።

ፈረንጆቹ ይህን ጎቲክ ፖስት ፐንክ እንደሚሉት አብዱልሐሚድ ነገረው። ሌላም ከፈተለት፤ ሳይኬደሊክ ይሉታል፣ ጨለማ ጨለማ የሚል፣ ኦርጋኑ መውጫ እንዳጣ ሰው እዚያው በዚያው የሚዞርበት ረጅም ዜማ። ካርቱም ሲማር አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነበር የሰጠው። “አሁን የት እንዳለች አላውቅም” አለ። ዘፈኖቹን በብሉቱዝ ላከለት።

ሕብረት ቤቱ ገብቶ አዳመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ቢሆንም ዘፋኙ ተነስ፣ አጨብጭብ፣ ደስ ይበልህ አይለውም። ሐኒ ከሄደች ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ነገር ማንም የሚያውቅለት አይመስለውም ነበር። እንባው መጣ፤ ዝም ብሎ ተወው።

ከዚያ በኋላ ሰበብ እየፈለገ ባምባሲ መመላለስ ያዘ። ሁለቱ ብዙ አያወሩም። አንዱ ሽቦ ይበይዳል፣ ሌላው ጎኑ ተቀምጦ ይሰማል። መስከረም ሲጠባ ሕብረት በኦርጋኑ የራሱን መሞከር ጀመረ። የሠርጉን ከበሮ አዘገየው፣ ቤዙን አወፈረው፣ ላዩ ላይ የባቲን ቅኝት ጣለበት። ገጠመ። አብዱልሐሚድ ሰምቶ ሲጨርስ “ይሄማ ያንተ ናት” አለው።

ጥር ላይ አንድ ሠርግ ቤት፣ እንግዳው ምሳ እየበላ ሳለ፣ ሕብረት ሳያስበው እጁ ወደዚያ ዜማ ሄደ። ጨዋታው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፤ ጉርሻ የያዙ እጆች ሳይቀሩ ቆሙ። የሙሽራዋ አጎት መጥተው ትከሻውን ያዙት።

“ልጄ፣ ሐዘን ደርሶብሃል እንዴ?” አሉት በለሰለሰ ድምፅ። “ካለብህ ሂድና እረፍ። እኛ በቴፕ እንጨርሳለን።”

“ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ።”

ወዲያው ወደ ጭፈራው መለሰው፤ ሰዉም ረሳው። እሱ ግን ፊቱ ሲግል ዋለ። ይህን ሰምቶ ከልቡ የሚስቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ያውቃልና ሠርጉ እንዳለፈ ባምባሲ ሄደ።

ሱቁ ውስጥ ቡሴ ብቻውን ተቀምጧል።

“ሄደ፣ ኦቦ ሕብረት” አለ ቡሴ። “እናትህ ድንበሩ ጋ፣ ኩርሙክ ታይታለች አሉት። መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ ተው ብለው አልሰማኝም።”

ሕብረት እዚያው ቆሞ ደወለ። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም ትላለች ሴትዮዋ። በማግስቱም ደወለ፣ በሳምንቱም። ዜማውን ቀድቶ በቴሌግራም ላከለት፤ እስካሁን አልተከፈተም።

ዛሬም ሠርግ ይጫወታል፤ ያንን ዜማ ግን ሰው ፊት አይነካውም። ሥራ በሌለው ቀን ኦርጋኑን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ባምባሲ ይሄዳል፤ ቡሴ የተጠገነ ስፒከር ሲኖረው በዚያ ዜማ ይሞክርለታል። አንድ ቀን ቡሴ ፊቱን ሲያጠቁር አይቶ ሕብረት ኦርጋኑን አጠፋው።

ቡሴ ከያዘው ሥራ ቀና አላለም።

“ይሄ ሙዚቃችሁ ያስፈራኛል” አለ። “ግን ሱቁ ዝም ሲልም አልወደድኩትም። ክፈተው።”