የጠፉት የበር እጀታዎች

ወዬሳ አዳማ ውስጥ አሉሚኒየም እያቀለጠ ድስትና የሞተር ዕቃ መሥራት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። አገሩ ሁሉ «ብረት ድስት» ሲል እሱ ደግሞ ብረት የሚባል ነገር በድስቱ እንደሌለ ማስረዳት ሳይሰለቸው ኖሯል። የቆራሌው ጆንያ ሲመጣ እያንዳንዱን ቁራጭ በእጁ ይመዝናል። የመብራት ሽቦ ለስላሳ ነው፤ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ፒስተን ጠንካራ ነው፤ ሲቀልጥ እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ ለሞተር ዕቃም ይሆናል። ከበድ ያለ የበር እጀታ ግን ዚንክ ነውና ይጣላል፤ አብሮ ከቀለጠ ሥራውን ተሰባሪ ያደርገዋል።

ሰኞ ዕለት ከሰሉ ስለጋለለት ቸኮለ። ማክሰኞ ጠዋት ሲያይ፣ ለመጣል ከለያቸው ሦስት እጀታዎች አንዷ ብቻ ቀርታለች።

«ዘርፉ፣ እጀታዎቹን አይተሻል?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት።

«የራሳችን በር በገመድ ነው የሚታሰረው፤ የማንን እጀታ ልይ?»

ሰኞ የቀለጠው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ለሙስዓብ ባጃጅ የፍሬን መርገጫ። ሙስዓብ የባቱ ሾፌር ነው፤ በዚያኑ ዕለት ይዞት ሄዷል። ስልኩ አይነሳም። ወዬሳ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ከሰል ለኮሰ፣ መልሶ አጠፋ። ከቀትር በፊት መዶሻውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የቀረችውን እጀታ ኪሱ ከትቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። መቂ ላይ ረዳቱ ሰው ሲጠራ ቢቆይበት፣ ወርዶ በእግሩ መሄድ ሁሉ አማረው።

ባቱ ሲደርስ ሙስዓብ ሦስት ሴቶችን ከነቲማቲማቸው ጭኖ ሊነሳ ነው።

«ውረዱ» አላቸው ወዬሳ።

«ጋሼ፣ ትራፊክ ሆኑ እንዴ?» ሳቀ ሙስዓብ።

«መርገጫውን ፍታልኝ።»

«ጠዋት ሙሉ ስረግጠው ውዬ ምን ሆነ?»

«ቶሎ በሉ እንጂ» አለች አንዷ ሴት፤ «ቲማቲሜ እዚሁ ፀሐይ ላይ ስልስ ሆነ።»

ሙስዓብ እያጉረመረመ ፈታለት። ወዬሳ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመዶሻ መታው። ምንም አልሆነም። ደገመው። ምንም። ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። በሦስተኛው ድምፁ ተለወጠ፤ በአራተኛው ለሁለት ተከፈለ።

«በመዶሻ ፍሬን የሚይዝ ማን አለ? ደህናውን ዕቃ ሰበሩት» አለ ሙስዓብ ተቆጥቶ።

ወዬሳ ስብራቱን ወደ ፀሐይ አነሳው። ደህና ሥራ ውስጡ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ይህ እንደ ጨው ድንጋይ ያንጸባርቃል። ለሙስዓብ አቀበለው። ሙስዓብ በአውራ ጣቱ ቢያሸው ፍርፋሪው መዳፉ ላይ ቀረ። ወደ ሴቶቹ ዞሮ አየ።

«ነገ አዲሱን አመጣልሃለሁ።»

«እኔ ራሴ እመጣለሁ» አለ ሙስዓብ። «ቁራጩን እፊቴ ይመዝናሉ።»

ወዬሳን ይህ ቃል ከስብራቱ በላይ አመመው። በመልሱ ጉዞ የቀረችውን እጀታ ከኪሱ አውጥቶ፣ እስከ ሞጆ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረ ክብደቷን ሲለካ ሄደ።