ደሴቶቹን የመረጥንበት ክረምት

«ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል» አለችኝ።

ጓደኛዬ የጠየቀችኝ ስለ አንዲት ቁጥር ብቻ ነበር። እኔም መለስኩላት። እሷ ግን እጇን ከቡናው ሳታነሳ፣ ፊቷንም ወደ እኔ ሳታዞር ይህን አለችኝ። የቡ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ አባቷ ግቢ ውስጥ፣ ጀንፈሉ፣ ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና፣ የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ቀይ ቡና ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ፣ ግማሹ ማር ግማሹ ኮምጣጤ የሆነው፣ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ ኪሴ ውስጥ ዳይሱን እያሻሸሁ ነበር። የሉዶ ዳይስ እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ ገጽ ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ ነጭ ቁጥሮቹ ዛሬ ግማሽ በግማሽ ለቀዋል። አሁን ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የሰው መታወቂያ ሳባዛ እውላለሁ፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ከመሳቢያ አውጥቼ እነካካዋለሁ። ስነካካው ያ ክረምት ይመጣል። አልጠራሁትም፤ ራሱ ነው የሚመጣው።

አሥራ አንደኛ ክፍል የጨረስንበት ክረምት ነበር። ጊንጆ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ከኋላ ያለችውን ክፍል እናቴ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራይታ ነበር። የወሎ ልጅ ነው። ስም ነበረው፤ እኛ ግን ፊት ለፊቱም ቢሆን ተከራዩ ነበር የምንለው። ጨዋታውን ያመጣው እሱ ነው። ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው። አንድ ሰው ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በዚያ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ካልክ፣ መስበርህን የሚወስነው ዳይሱ ነው። ትልቅ ቁጥር ከመጣ በሩ ይሰበራል፤ ትንሽ ከመጣ ትከሻህ ይሰበራል። በቃ ይኸው ነው።

እናቴ መጀመሪያ ቀን ስታየን «ቁማር ነው እንዴ?» አለች።

«ኧረ ተረት ነው እማማ» አላት ተከራዩ።

«ተረት ከሆነ ምን ያስጮሃችኋል?»

ሦስት ነበርን ተጫዋቾቹ። እኔ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ እና ጓደኛዬ። የሰፊው ልጅ ጣቶቹ ሁሌም የመኪና ዘይት ይሸቱ ነበር፣ የስፌት መኪናውን፣ የሲንጀሩን ማለቴ ነው። ጓደኛዬ የየቡ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ እኛ ሰፈር አክስቷ ቤት ነበር የምትኖረው። አባቷ ሴት ልጃቸው ከተማ መቀመጧን አልወደዱትም። «አንድ ሰበብ ነው የሚፈልገው» ትለኝ ነበር። «አንድ ሰበብ ያግኝ፣ በማግስቱ የቡ ነኝ።»

እሷና እኔ የራሳችን ጨዋታ ነበረን፣ ጨዋታው ውስጥ። ዳይሱ እኛ በኩል ሲወድቅ ቀድማ ያየችው ሐሰተኛ ቁጥር ትጠራለች። ሌላዋ «ሶባ!» ትላለች፤ ውሸት ማለቷ ነው። የያዘቻት የዋሸችውን ክንድ ትቆነጥጥና እውነተኛውን ቁጥር ራሷ ትናገራለች። የእሷ ቁንጥጫ ሦስት ቀን ይሰነብት ነበር። ያን ሰሞን ግን መያዙን ትታው ነበር። ያኮረፈች መስሎኝ ነበር። በረንዳው ላይ የእናቴን መዘፍዘፊያ ረግጣ ውኃውን ስትደፋው «ዕውር ነሽ እንዴ?» አልኳት። ለሁሉም ሰው የምለው ነው። አፌ እንደዚያ ነው።

ዓለም የመረጥንበት ቀን ዝናቡ ከቀትር በፊት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። ተከራዩ ሲናገር አይሰማም ነበርና እስኪያባራ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ጠበቅን። ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ የረጠበ ባሕር ዛፍ ሸተተ። ተከራዩ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፦

«ስሙ። ዓለም አንዴ ከተመረጠ መቀየር የለም። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነን። አስባችሁ ተናገሩ።»

የሰፊው ልጅ ቀደመ። በረዶ ያለበት አገር፣ ዘንዶ፣ የብረት ልብስ።

«አንተ ነህ በረዶ የምትፈልገው?» አልኩት። «ሰኮሩ ጋ በረዶ ሲጥል አውቶብስ ውስጥ እናቴን ጥሩልኝ ብለህ ያለቀስከው?»

«ድንጋይ መስሎኝ ነው! ቆርቆሮው ሲጮህ አልሰማሽም እኮ!»

እኔ ደሴቶች አልኩ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አላየሁም። ጭቃው፣ ጎረቤቱ፣ የሁሉም ሰው ዓይን ሰልችቶኝ ነበር። አንዱ ቦታ ሲሰለች በጀልባ ወደ ሌላው የሚኬድበት፣ ማንም የማን ልጅ ነሽ የማይልበት አገር ፈለግሁ።

ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ ተናገረች። «ከዚህ እስከ የቡ ያለው መንገድ ይሁን» አለች።

ሳቅን። «አቦ ተይን! የቡ ለመሄድ ሚኒባስ አለ አይደል? ዳይስ ምን ያደርግልኛል?» አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። «ሰው ዘወር ሲል ዛፎቹ ቦታ የሚለዋወጡበት ይሁን» አለች። «ዓይን የማይረዳበት። መንገዱን በሽታና በድምፅ የሚያውቁት። የቡና መፈልፈያው ሲሸትሽ ወደ ግራ፣ የወፍጮው ድምፅ ከጀርባሽ ሲሆን ቀጥታ። ድልድዩ ላይ ሲደረስ ሁሉም ዝም ይላል፤ ወንዙ የሚያልፈውን ሰው ይቆጥራል። እዚያ ላይ ያወራ ሰው ከቁጥር ይጎድላል።»

የተከራዩ እስክሪብቶ ቆመ። «ካርታውን ማን ይስለዋል?» አላት።

«ካርታ አያስፈልገውም። እኔ አውቀዋለሁ።»

ዛሬ ላይ ሆኜ ስሰማው ከሦስታችን እሷ ብቻ ነበረች እውነተኛ ዓለም ያመጣችው። ያኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «የዕውራን አገር ልትወስጂን ነው?» አልኩ። የሰፊው ልጅ በሳቅ ከዱካው ሊወድቅ ነበር። እሷ የበቆሎውን ቆረቆንዳ በጣቷ ታሻሽ ነበር።

ሦስት ሰው ሦስት ዓለም። ተከራዩ ተራኪ ነኝ ብሎ ድምፅ አልሰጥም አለ። ስለዚህ ዳይስ። ከአንድ እስከ ስድስት የእኔ ደሴቶች፣ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት በረዶው፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት የእሷ መንገድ። ሌላ ከመጣ ይደገማል። ተከራዩ ወረወረው። ዳይሱ ዱካው ላይ ነጥሮ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለና እኛ እግር ሥር፣ አግዳሚው ጥግ ቆመ። ወንዶቹ ከወዲያ በኩል ስለነበሩ አይታያቸውም። እሷና እኔ ጎንበስ አልን። የእሷ ፊት ይበልጥ ቀርቦ ነበር፣ አንድ ክንድ አይሆንም።

አሥራ ሰባት ነበር። ፀሐይዋ ላዩ ላይ አርፋ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

«አምስት!» አልኩ። ክንዴን ለቁንጥጫው አዘጋጅቼ፣ ሳቄን አፍኜ።

ዳይሱን አየችው። ማለቴ ፊቷ ወደ ዳይሱ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ «እሺ» አለች። «ደሴቶች ይሁኑ።»

ክንዴ እንደተዘረጋ ቀረ። ተከራዩ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ የሰፊው ልጅ ዳይሱ ላይ ተሳደበ። እኔ ዳይሱን አንስቼ ጨበጥኩት። ለካ አይታያትም። ቀልዴን ነው፣ አሥራ ሰባት ነው ብል፣ የሰፊው ልጅ «እሷስ አላየችም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አክስቷ የአባቱ ደንበኛ ናት። ወሬው ከልብስ ስፌት ቤት አክስቷ ጋ፣ ከአክስቷ የቡ ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል። ዝም አልኩ። ለምላሴ የመጀመሪያው ቀን ነበር መሰለኝ።

ስሸኛት በራችን ላይ አንድ ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። «ከኋላው ምን ይላል?» አልኳት። ጽሑፉ የመዳፍ ያህል ነበር።

«ባጃጅ መሆኑን በድምፁ ነው ያወቅኩት» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ፣ ያንን የምትቆነጥጠውን። «ለማንም አትንገሪ። ትምህርቴን ልጨርስ፤ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ዳይሱ ግን አምስት ነበር፣ አይደል?»

«አምስት ነበር» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። አሥራ ሰባት ነበር ብላት፣ አገሯ ወጥቶላት እንደነበርና እኔ እንደነጠቅኳት ልታውቅ ነው። ደግሞም ደሴቶቹን እፈልጋቸው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የቱ እንደቀደመ ግን አላውቅም።

ክረምቱን ሙሉ ደሴቶቹ ላይ ነበርን። እሷ ጀልባው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ውኃውን የሚያዳምጥ መሪ ሆነች። ዳይሷን የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ሲመጣ አሥራ ስምንት፣ ስድስት ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ እያልኩ። ጀልባችን አንድም ዐለት አልነካም። «እቺ ልጅ ዘንድሮ ዕድሏ ሌላ ነው!» ይል ነበር ተከራዩ። እሷ ፈገግ ትል ነበር፣ ትንሽ። በሌላው ጊዜ ደብተር ሳነብላት፣ እሷ ስትሸመድድ እንውል ነበር። በእኔ ቤት አሥራ ሁለተኛን እንደዚህ አድርጌ ላሻግራት ነው። ምን ያህል እንደማልችል የሚነግረኝ አልነበረም።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አስነስተው አንብቢ አሏት። እኔ በዋዜማው አንዱን ምንባብ አስጠንቻት ነበር። መጽሐፉን ከፍታ ያዘችና ቃል ሳታዛንፍ ተወጣችው። እሳቸው ያዘዟት ግን የሚቀጥለውን ገጽ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ያላገጠችባቸው መስሏቸው «ወላጅ አምጪ» አሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ተነስቼ ቆምኩ። መልሼ ተቀመጥኩ።

አባቷ ከየቡ መጡ። ዓይን ሐኪም ጋ ወሰዷት፤ ሐኪሙ ችግሩ ከዓይኗ ጀርባ ነው፣ መነጽር አይረዳትም አላቸው። አክስቷ በር ላይ ሻንጣዋ ሲታሰር ደርሼ ያለ ሰላምታ ጀመርኩ። «አባባ፣ እባክዎ አይውሰዷት። እኔ አነብላታለሁ። እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ አነብላታለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ መልስ ነበረኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጣል አደረጉና «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ስታገቢስ ማን ያነብላታል?»

እስከ ዛሬ ግን አላገባሁም።

ተከራዩ በዓመቱ ተመርቆ ሲሄድ ዳይሱን ለእኔ ተወልኝ። እኔ ፈተናውን ወደቅሁ። የሰፊው ልጅ የአባቱን ማሽን ተቀመጠበት። እኔ የቡ ለመሄድ፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ለምትሆን መንገድ፣ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ባለፈው ኅዳር ሄድኩ። ገና ግቢው በር ላይ ሳለሁ «ወፍረሻል» አለችኝ። «እርምጃሽ ከብዷል።»

«አንቺም አላማረብሽም» አልኳት። ሳቀች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጀንፈሉን በሁለት እጇ ታገላብጠው ነበር፤ ጣቷ የተበላሸውን ሲያገኝ አውጥታ ትጥላለች፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። የሰፊው ልጅ አሁንም ይጮህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ እንደዚያው ቀለል አድርጋ፦

«ያን ቀን ዳይሱ ስንት ነበር?»

«አምስት።»

«ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል» አለችኝ። «አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ እያልሽ ስታሻግሪኝም ሲቀጥን ነው የከረመው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ሶባ አላልሽም?»

«ሶባ ብል፣ ስንት ነው ትሉኝ ነበራ።»

ከማዶ የሰው ዶሮ ጮኸ። ቡናው በጣቶቿ መሃል ይንሿሿል።

«አሥራ ሰባት ነበር» አልኩ።

እጇ ቆመ። «አሥራ ሰባት» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጇ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዳይሱን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት። በአውራ ጣቷ አንዴ አዞረችው፤ መልሳ ሰጠችኝ። «ውሰጂው። እዚህ ቡናው ውስጥ ይጠፋል።»

የሚኒባሱ ጡሩምባ ከአስፋልቱ ተሰማ። «ሂጂ፤ ይሞላብሻል» አለችኝ። ትከሻዋን ነክቼ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ «ድልድዩ ላይ አታውሪ» አለችኝ።

መስኮት ጋ ቦታ አገኘሁ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እኔ ጋ ሲደርስ መኪናው ድልድዩ ላይ ወጥቶ ነበር።

«እህት፣ መውረጃሽ የት ነው?» አለኝ።

ብሩን ዘረጋሁለት።

«አንቺን እኮ ነው! የት ነሽ?»

እስክንሻገር ድረስ አልመለስኩለትም።