በብርድ የተረፉት መሪጌታ

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል አንድ ጊዜ የሰሙትን አይረሱም። በአቀስታ ዙሪያ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚወጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቂምም በቃላቸው ይወጡ ነበር።

የሚስታቸው የእትዬ ሸዋረግ ወንድም የሆነው የአምባቸው ውሻ፣ መሪጌታ ፍቀው ፀሐይ ላይ የወጠሩትን ብራና ከበላ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ውሻው ራሱ ሞቷል። መሪጌታ ግን ከዚያ ወዲህ አምባቸውን አንዲት ቃል ተናግረውት አያውቁም ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ጀርባቸውን ይሰጡት ነበር። ጎረቤታቸው ነኝና ለአንድ የፍየል ቆዳ ይህን ያህል መኮራረፍ ያናድደኝ ነበር።

ነሐሴ 1974 ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ስንመለስ በረዶ ወረደ። ወንዙ ሞልቶ መሪጌታን ከነጥምጣማቸው ወሰዳቸው። ዘሎ የገባው አምባቸው ነው። ሲያወጣቸው ትንፋሽ የለም፣ የልብ ምት የለም፤ ገላቸው ቀዝቅዞ ድንጋይ ሆኗል።

ከስብሰባው አብረውን የሚመለሱት ቄስ ቢተው መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐት ጀመሩ። አብሮን የነበረው የክሊኒኩ ጤና ረዳት ንጉሡ ግን ተንበርክኮ ደረታቸውን ይጫን፣ በአፋቸው ይተነፍስ ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ ሬሳ ይደበደባል እንዴ?» ብለው ቄሱ ጮኹ።

«የቀዘቀዘ ሰው ቶሎ ሞተ አይባልም፣ አባ። ይሙቁና ካልተነሡ ያኔ ይፈቷቸዋል።»

ቄሱም አላቋረጡ፣ እሱም አላቋረጠ። አንዱ ሲጫን አንዱ ሲደግም፣ ንጉሡ ቀደማቸው፤ የመሪጌታ ልብ መታ።

ቤት ስንደርስ ጦርነቱ ተጀመረ። እትዬ ሸዋረግ ባላቸውን እሳት ዳር ሊያስተኙ፣ ንጉሡ ሊያርቅ። እሳቸው ጋቢ ይደርባሉ፣ እሱ ይገፋል።

«ቀስ ብለው ይሙቁ፣ እትዬ! ልባቸው ቆሞ ሳለ አንጎላቸውን ያቆየላቸው ብርዱ ነው።»

«ብርድ መድኃኒት ቢሆን አቀስታ ላይ ሰው ይሞት ነበር? ባሌን ልታስፈጅብኝ ነው!»

ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢ ይዞ መጣ። ንጉሡ አንዷን አልብሷቸው የቀሩት ስድስቱ ላይ ተቀመጠባቸው። ቢጎትቱት፣ ቢለምኑት፣ ቢረግሙት አልነሣ አለ።

በማግሥቱ መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ከማየት በቀር ምንም የለም። እትዬ ሸዋረግ ያን ጊዜ ነው የፈሩት።

«ልብማ መታ። እሳቸው ግን ውስጡ አሉ ወይ?» ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ምን ይደበቃል።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ «ውኃ» አሉ። ቄስ ቢተው ሊፈትኗቸው አንድ ዜማ ጀመሩ። መሪጌታ ተቀበሉና እስከ መጨረሻው ወጡት፤ መሐል ላይም ቄሱን ሁለት ጊዜ አረሟቸው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የልጆቻቸውን ስም ጠሩ፣ የማሳቸውን ወሰን ቆጠሩ። ምንም አልጎደለባቸውም።

በሩ ጥግ ተደብቆ የሰነበተው አምባቸው ደስታው አሸንፎት አንገቱን ብቅ አደረገ። ሁላችንም ዞረን መሪጌታን አየን።

«አምባቸው!» አሉ መሪጌታ ፊታቸው በርቶ። «ምነው ጠፋህብን? ና ግባ እንጂ፣ ወንድሜ!»

አምባቸው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው እጁን ያዙት።

እትዬ ሸዋረግ ንጉሡን ወደ ጓዳ ጎተቱት።

«ይህቺ የጠፋችው ቂማቸው... በደንብ ሲሞቃቸው ትመለስ ይሆን?»

«አይታወቅም፣ እትዬ። አንዳንዱ ቀስ እያለ ይመለሳል።»

ወንድማቸውን አዩት፤ ባላቸውን አዩዋቸው። ከዚያ ሄደው ጋቢውን ከላያቸው ገፈፉት።