የበርበሬ ጢስና የእህቴ ሳቅ

ከታች ያለችው ጎረቤቴ በርበሬ ስታምስ ሽታው በመስኮት ገብቶ ጉሮሮዬን ይይዘኛል፤ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ እየሳለ ይሳደባል፣ እኔ ግን መካኒሳ አቦ የነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ።

እናቴ የሰው በርበሬ እያዘጋጀች ነበር ያሳደገችን። በጋው ሲጠና ጆንያው ይመጣል፣ እኔና ታላቅ እህቴ ውድነሽ እያስነጠስን ዛላ ስንቀነጥስ እንውል ነበር። ትምህርት ቤት የሚባለውን ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው።

ክረምት ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዝና ጣሪያችን ያፈስ ነበር። ያኔ ውድነሽ ጠብታው ሥር ድስት ደቅና፣ የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ አካሄድ፣ የባለሱቁን ማንኮራፋት እያስመሰለች በሳቅ ትገድለን ነበር። ጎረቤቶች «ይቺ ሚጥሚጣ!» ይሏታል። እናቴ ግን «የሴት ልጅ ሳቅ አጥር አይሻገርም» እያለች ትቆጣት ነበር።

አንድ ቀን በበልግ፣ ግቢ የተሰጣውን የሰው በርበሬ የመጠበቅ ተራው የእኔ ነበር። ኳስ ልጫወት ሄድኩ፣ ዝናቡ ድንገት መጥቶ አበሰበሰው። እናቴ «ማነው ሲጠብቅ የነበረው?» ስትል፣ «ውድነሽ ናት፣ ስትቀልድ ነው» አልኩ። ውድነሽ ቀልደኛ ስለነበረች እናቴ አመነችኝ። ከሰል ላይ በርበሬ በትና፣ እህቴን በጋቢ ሸፍና አጠነቻት። በር ላይ ቆሜ ሳሏን እየሰማሁ አፌን አልከፈትኩም። ከጋቢው ስትወጣ ዞራ አላየችኝም። በመጣው ክረምት ድስቱን ደቀነች፣ ማንንም ግን አላስመሰለችም። ከዚያ ወዲያም ስታስመስል አላየኋትም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ዘንድሮ በጎልማሶች ክፍል እንግሊዝኛ ስንጀምር፣ መምህርቷ «ፔፒ» ብላ ሰሌዳ ላይ ጻፈች። «ፍልቅልቅ፣ ንቁ ማለት ነው። ‹ፔፕ› ከሚለው የመጣ ነው፣ እሱም ‹ፔፐር› የሚለው የቁንዶ በርበሬ ስም ሲያጥር ነው። በርበሬ ሰውን ያነቃላ!» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ።

እሁድ ለቡ መብራት ኃይል፣ ውድነሽ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ማለት ስላቃተኝ የፈረንጁን ቃል ነገርኳት፣ ከየት እንደመጣም ነገርኳት። ምስር መልቀሟን ሳታቋርጥ፣

«እነሱ ታጥነው አያውቁማ፣ ወንድሜ» አለች።

እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። «ያሳጠንኩሽ እኔ ነኝ» ሳልላት ተመለስኩ።

ያኔ ዝናብ እየወረደብን በአንድ ክፍል ሳቅ ይተርፈን ነበር። አሁን የእኔም ጣሪያ አያፈስም፣ የእሷም አያፈስም፤ ድስት የሚደቅን የለም።