የዓይናለሙ ቧንቧ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ዕድሜያቸውን በማዕድን ፍለጋ የጨረሱ ሰው ነበሩ። አዲስ መሣሪያ መቀሌ በገባ ቁጥር፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያሞግሰው፣ መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የዓይናለም ሜዳ ይወስዱታል። እዚያ ራሳቸው ያስቀበሩት የብረት ቧንቧ አለ። «የማናውቀውን ከመጠየቃችን በፊት የምናውቀውን ይንገረን» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከመሬት በታች ያለ ብረት የሚለይ መሣሪያ ተሸክሜ ሜዳውን ዞርኩት። በረገጥኩበት ሁሉ ብረት አለ አለኝ። «ይኼስ አይረባም!» ብዬ ፈረድኩ። አጎቴ ግን ወገቤን አዩና፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ መሣሪያው አልዋሸም፤ የቀበቶህን ዘለበት ነው የሚያየው። በል ፈትተህ አምጣው» አሉኝ። ቀበቶዬን ይዘውልኝ ቆሙ፤ ቧንቧውን ወዲያው አገኘሁት።

ትናንት ሌላ መሣሪያ መጣልን። ዓይናለም ወሰድኩት። ቀበቶዬን ፈትቼ እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ፤ የሚቀበለኝ አልነበረም።